ኮምፒውተሩ አርዱይኖውን አላየው ሲል

ማታ ሲሠራ ያመሸው አርዱይኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ጠዋት ስትሰኩት ኮምፒውተሩ ጭራሽ እንዳላየው ይሆናል። ወይም ፖርቱ (ኮምፒውተሩ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር) ይታያል፤ ኮዱን ልጫን ስትሉ ግን «ኖት ኢን ሲንክ» (አልተግባባንም እንደማለት) የሚለው ቀይ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ይመጣል። የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ወደ መጫን ነው። ይህ አንድ ምሽት ሙሉ የሞባይል ዳታ ይበላል፣ ችግሩን ግን እምብዛም አይነካውም። ሌላው ደግሞ «ተቃጥሏል» ብሎ ቦርዱን ወደ ጎን መጣል ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው መርካቶ ወርዶ ሌላ መግዛት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለእኛ ለጎንደሮች ግን መርካቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ፒያሳ ያሉት ሱቆችም አንዳንዴ ይኖራቸዋል፣ አንዳንዴ የላቸውም። ስለዚህ ቦርዱ ከመጣሉ በፊት የት ላይ እንደተቋረጠ ማወቅ ያዋጣል።

ኮዱ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ዋናው ቺፕ ጋ እስኪደርስ በፕሮግራሙ፣ በድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከቦርዱ ጋር በሚያግባባው ሶፍትዌር)፣ በኮምፒውተሩ ሶኬት፣ በገመዱ፣ ቦርዱ ላይ ባለው የዩኤስቢ ቺፕ ያልፋል፤ በመጨረሻም ዋናው ቺፕ ውስጥ ያለው ቡትሎደር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ይቀበለዋል። ከነዚህ አንዱ ሲበላሽ ስሕተቱ የሚመስለው ሌላኛው ሲበላሽ የሚመስለውን ነው። በግምት አንዱን እየተዉ ሌላውን መነካካት የሚያደክመውም ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ መንገዱን መሐል ላይ ይከፍለውና የትኛው ግማሽ ጤነኛ እንደሆነ ያሳያችኋል። የጻፍኩት ኡኖና ናኖ ለሚባሉት የአርዱይኖ ዓይነቶች፣ በተለይም በእኛ አገር በብዛት ለሚገኙት ሲኤች340 የሚባል የዩኤስቢ ቺፕ ላላቸው የቻይና ቅጂዎች ነው።

የሚያስፈልገው ሁለት ጃምፐር ሽቦ፣ አንድ ተጨማሪ ገመድ፣ ከተገኘም ቴስተር ነው።

1. ቦርዱን ብቻውን አስቀሩት

ዩኤስቢውን ንቀሉና የተያያዘውን ሁሉ አውጡ። ከማውጣታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፤ የትኛው ሽቦ የት እንደነበር በኋላ ማንም አያስታውስም። 220 ቮልት የነካ ነገር ካለ ግን ከሁሉም በፊት የእሱ ሶኬት ይነቀል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማችን ብዙ ተማሪ የሚሠራው የሮቶ ውኃ መለኪያ ስለሆነ፣ ከቦርዱ ጀርባ ሪሌይ (በቦርዱ ትእዛዝ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ከሪሌዩ ጀርባ ደግሞ ፓምፕ መኖሩ የተለመደ ነው።

በተለይ 0 እና 1 የተጻፈባቸውን ፒኖች (ሽቦ የሚሰካባቸውን ቦታዎች) ተመልከቱ። እነዚህ ሁለቱ ዋናው ቺፕ ከዩኤስቢ ቺፑ ጋር የሚነጋገርባቸው መስመሮች ናቸው። የብሉቱዝ ሞጁል ወይም የሲም ካርድ ሞጁል እዚያ ላይ ተሰክቶ ከሆነ ሁለት ሰው በአንድ መስመር እየተናገረ ነውና ኮዱ አይገባም። ሞጁሉን ነቅላችሁ ከሠራ ነገሩ እዚህ አበቃ፤ ሌሎች ፒኖችን ተጠቀሙና በኮዱ ውስጥ ሶፍትዌር ሲሪያል የሚባለውን ላይብረሪ አስገቡ።

ቴስተር ካላችሁ ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ ላይ አድርጉትና፣ ቦርዱ ሳይሰካ፣ 5 ቮልት የሚለውን ፒንና ግራውንዱን (ጂኤንዲ የሚለውን) ለኩ። እየጮኸ ከቀጠለ ሾርት አለ። እንዲህ ያለ ቦርድ ኮምፒውተር ላይ አይሰካም።

2. ስትሰኩት ዝርዝሩን እዩ

የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን አብራችሁ ተጫኑና ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። አሁን ቦርዱን ሰኩት፤ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ዴስክቶፕ ከሆነም ከኋላ ባለው ሶኬት። ዓይናችሁ ዝርዝሩ ላይ ይሁን።

ቦርዱ ላይ መብራት ካልበራ ኃይል አልደረሰውም። ሌላ ሶኬት፣ ሌላ ገመድ ሞክሩ። ኡኖ ላይ ከ500 ሚሊአምፔር በላይ ሲያልፍ ራሱን የሚዘጋ ፊውዝ አለ፤ ከመነቀሉ በፊት ብዙ ኃይል ሲስብ ከነበረ ጥቂት ደቂቃ ይቀዝቅዝና ይመለሳል።

መብራቱ በርቶ ዝርዝሩ ላይ ምንም ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። ቢጫ ምልክት ያለበት ስም ከመጣ ድራይቨር የለም። «አንኖውን ዩኤስቢ ዲቫይስ» ካለ ደግሞ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር እንደተሰካ አውቋል፣ ማንነቱን ሲጠይቅ ግን መልስ አላገኘም። የላላ የዳታ ሽቦ፣ ሥሩ የተነቀነቀ የቦርዱ ሶኬት፣ ወይም የዩኤስቢ ቺፑ ራሱ ሊሆን ይችላል። ሲኤች340ጂ የሚባለው ዓይነት አጠገቡ 12 ሜጋኸርዝ የሚል የብር ቀለም ያለው ክሪስታል አለው፤ ቦርዱ ወድቆ እሱ ከተጎዳ ውጤቱ ይኸው ነው።

«ዩኤስቢ ሲሪያል ሲኤች340» የሚል ስም ከነፖርት ቁጥሩ ለምሳሌ ኮም 3 ብሎ ከመጣ በቀጥታ ወደ 5ኛው ዝለሉ።

3. ገመዱ

ዩኤስቢ 2 ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ ይኖራል፤ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለዳታ። ርካሽ የቻርጀር ገመዶች ብዙዎቹ የኃይሉን ሁለት ሽቦ ብቻ የያዙ ናቸው። ቦርዱ መብራቱን ቦግ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አይሰማም። ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም፤ ውፍረቱም ሆነ ዋጋው ዋስትና አይሆንም። መለያው አንድ ነው፦ በዚያው ገመድ ስልክ ወይም ሌላ መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙና ፋይል ማየት መቻላችሁን አረጋግጡ።

የኡኖው አራት ማዕዘን ሶኬት የፕሪንተር ሶኬት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ገመድ ከሌላችሁ መግዛት አያስፈልግም፤ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ከተደረደሩት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ላፕቶፑንና ቦርዱን ይዞ ገብቶ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ በፕሪንተሩ ገመድ ለአንድ ደቂቃ መሞከር ይበቃል። የፕሪንተር ገመድ ዳታ ባያስተላልፍ ኖሮ ሰውየው እንጀራ አይበላም ነበር። የናኖው አነስ ያለ ሶኬት ደግሞ የድሮ ካሜራዎች ሶኬት ነው፤ ፎቶ ቤት ጠይቁ።

አዳዲሶቹ ቅጂዎች ታይፕ ሲ ይዘው ይመጣሉ፣ እነሱ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ሲሰኩ አንዳንዶቹ መብራታቸው እንኳ አይበራም። ታይፕ ሲ ሶኬት ኃይል ከመልቀቁ በፊት ሌላው ጫፍ ላይ 5.1 ኪሎኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮችን ይፈልጋል፤ ቦርዱን የሠራው ሰው ቆጥቦ ሳያስገባቸው ቀርቷል። አንድ ጫፉ ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ የሆነ ገመድ ተጠቀሙ፣ ይሠራል።

4. ድራይቨሩ

ዊንዶውስ 10 እና 11 ኢንተርኔት ካገኙ የሲኤች340ን ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያመጣሉ። ዳታ ዘግታችሁ ስትሠሩ ነው ቢጫው ምልክት ተገትሮ የሚቀረው። የስልካችሁን ሆትስፖት ከፍታችሁ ቦርዱን ነቅላችሁ ሰኩ። ካልሆነም የቺፑ አምራች ደብሊውሲኤች የሚያወጣው መጫኛ ትንሽ ፋይል ነው፤ አንዴ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፣ ለጓደኛም ይሆናል። «ድራይቨር በነፃ» ከሚሉ ሌሎች ገጾች አታውርዱ፤ የሚጫነው ሌላ ነገር ነው።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ፖርቱ ይታያል፣ ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዊንዶውስ ራሱን ካደሰ በኋላ ግን ኮድ አልገባ አለ። አንዳንድ የሲኤች340 ቅጂ ቺፖች ከአዲሱ ድራይቨር ጋር አይስማሙም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ስሙ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር የሚለው ገጽ፣ ከዚያ «ሮል ባክ ድራይቨር» ብላችሁ ወደ ቀድሞው መልሱት።

ኡቡንቱ የምትጠቀሙ ድራይቨር ማውረድ አይጠበቅባችሁም፣ ከሲስተሙ ጋር አብሮ አለ። እናንተን የሚገጥማችሁ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ነው፤ ተጠቃሚያችሁ ዳይልአውት በሚባለው ቡድን ውስጥ ሊገባ ይገባል፣ ከገባም በኋላ ወጥታችሁ እንደገና ሎግ ኢን ካላደረጋችሁ አይሠራም። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ደግሞ ፖርቱ ብቅ ብሎ ወዲያው ሊጠፋ ይችላል። የዓይነ ስውራን የብሬል መሣሪያን የሚያገለግለው ቢአርኤልቲቲዋይ የተባለው ፕሮግራም ሲኤች340ን የራሱ መሣሪያ መስሎት ይይዘዋል። የብሬል መሣሪያ የማትጠቀሙ ከሆነ አስወግዱት።

5. መንገዱን መሐል ላይ መክፈል

ጊዜ የለምና ከሁሉም አንዱን ብቻ ልምረጥ ብል ይህን ሙከራ እመርጣለሁ። ዋናውን ቺፕ ከጨዋታ ውጭ ያደርግና ኮምፒውተሩ የላከው ፊደል ቦርዱ ድረስ ደርሶ ይመለስ እንደሆነ ይጠይቃል።

ከዚያ በፊት ፖርቱን ሌላ ፕሮግራም ይዞት እንዳይሆን አረጋግጡ። ሁለተኛ የአርዱይኖ መስኮት፣ ፓይተን፣ የ3ዲ ፕሪንተር ፕሮግራም፣ ሁሉም ፖርት ይይዛሉ፤ አንድ ፖርት ደግሞ በአንድ ጊዜ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። «አክሰስ ዲናይድ» ወይም «ፖርት ቢዚ» የሚል ስሕተት ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው። ያልተገኘ እንደሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይፈታዋል።

አሁን ቦርዱን ንቀሉ። በአንዱ ጃምፐር ሪሴት የሚለውን ፒን ከግራውንድ ጋር አገናኙ። በሁለተኛው 0ን ከ1 ጋር አገናኙ። ሰኩት፤ ከአርዱይኖ ፕሮግራሙ ቱልስ ሜኑ ፖርቱን ምረጡ፣ ሲሪያል ሞኒተርን (ከቦርዱ ጋር ጽሑፍ የምትለዋወጡበትን መስኮት) ክፈቱ፣ አንድ ቃል ጽፋችሁ ኢንተር ተጫኑ። ፍጥነቱ የትኛውም ይሁን፣ ለዚህ ሙከራ ለውጥ አያመጣም።

ሪሴት ግራውንድ ላይ እስካለ ድረስ ዋናው ቺፕ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ፒኖቹንም ለቋቸዋል። የጻፋችሁት ቃል በገመዱ መጥቶ፣ በዩኤስቢ ቺፑ አልፎ፣ በጃምፐሩ ዞሮ ይመለሳል። ቃሉ መስኮቱ ላይ ተመልሶ ከታየ ፕሮግራሙ፣ ድራይቨሩ፣ ሶኬቱ፣ ገመዱና የዩኤስቢ ቺፑ በሙሉ ጤነኛ ናቸው። እነሱን መጠርጠር አቁሙ።

አንድ ማረጋገጫ ጨምሩ፦ 0ን ከ1 ጋር ያገናኘውን ሽቦ አውጡና እንደገና ጻፉ። አሁን ምንም መመለስ የለበትም። ያለ ሽቦውም ከተመለሰ ሁለቱ መስመሮች ቦርዱ ላይ የሆነ ቦታ ተነካክተዋል፤ የብየዳ ጠብታ ወይም የተቆረጠ የሽቦ ፍርፋሪ ፈልጉ።

ሊዮናርዶና ማይክሮ ላይ ይህ ሙከራ አይሆንም። እነሱ የተለየ የዩኤስቢ ቺፕ የላቸውም፤ ዋናው ቺፕ ራሱ ነው የሚያወራው።

6. ቃሉ ካልተመለሰ

ቦርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ በዚያው ገመድ ሞክሩ። እዚያ ከተመለሰ ጥፋቱ የእናንተ ኮምፒውተር ነው፣ ወደ 4ኛው ተመለሱ። እዚያም በሁለት የተለያዩ ጤነኛ ገመዶች ካልተመለሰ የዩኤስቢ ቺፑ ሄዷል። ቦርዱ ግን የግድ አልሞተም፦ ከውጭ የሚሰካ የዩኤስቢ ሲሪያል አስማሚ አግኝታችሁ የእሱን ቲኤክስ (መላኪያውን) ከ0፣ አርኤክሱን (መቀበያውን) ከ1፣ ግራውንዱን ከግራውንድ ብታገናኙ ኮድ መጫን ትችላላችሁ። ለኃይሉ 5 ቮልቱን ከአስማሚው ውሰዱ። አስማሚው ዲቲአር የሚባል፣ ቦርዱን በራሱ ሪሴት የሚያደርግ መስመር ከሌለው ወይም ካላገናኛችሁት 7ኛው ላይ የተጻፈውን በእጅ ሪሴት የማድረግ ዘዴ ተጠቀሙ።

7. ቃሉ ከተመለሰ

ሁለቱንም ጃምፐሮች አውጡ። አሁን የቀረው ዋናው ቺፕና ምርጫችሁ ነው።

ምርጫው ይቅደም። ቱልስ ውስጥ የቦርዱ ዓይነት ትክክል ነው? ናኖ ከሆነ ፕሮሰሰር የሚለውን ክፈቱና «ኦልድ ቡትሎደር» የሚለውን ሞክሩ። ከ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ የሚሸጡት ኦሪጂናል ናኖዎች አዲሱን ቡትሎደር ይዘው በ115200 ፍጥነት ይነጋገራሉ፤ ብዙዎቹ ቅጂዎች ግን ገና በአሮጌው፣ በ57600 ናቸው። ፍጥነቱ ሳይገጥም ሲቀር የሚመጣው ያው «ኖት ኢን ሲንክ» ነው። በዚህ ብቻ «የተቃጠሉ» ናኖዎች ብዙ ናቸው።

ካልሆነ የሪሴቱን ቁልፍ ተጭናችሁ ልቀቁና ኤል የተጻፈበትን መብራት እዩ። ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለ ቡትሎደሩ በሕይወት አለ። እንዲያም ሆኖ ኮድ ካልገባ ራሱን በራሱ ሪሴት የሚያደርግበት መስመር ላይ ያለው ትንሽ ካፓሲተር ሊሆን ይችላል። በእጅ አግዙት፦ ሪሴትን ተጭናችሁ ያዙ፣ አፕሎድ በሉ፣ ኮዱ ተዘጋጅቶ «አፕሎዲንግ» የሚለው ቃል እንደታየ ልቀቁ። ቡትሎደሩ የሚጠብቀው አንድ ሰከንድ ያህል ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል፤ ደግሞ መሞከር ነው።

ኤል ምንም ካላለ ቡትሎደሩን እንደገና መጻፍ ይቻላል፣ ለዚህ ሁለተኛ ጤነኛ አርዱይኖ ያስፈልጋል። ጤነኛው ላይ ኤግዛምፕልስ ውስጥ ያለውን አርዱይኖ አይኤስፒ ጫኑ። ከዚያ የጤነኛውን 10 ከታማሚው ሪሴት፣ 11ን ከ11፣ 12ን ከ12፣ 13ን ከ13፣ 5 ቮልትን ከ5 ቮልት፣ ግራውንድን ከግራውንድ አገናኙ። በጤነኛው ሪሴትና ግራውንድ መሐል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገቡ፣ ረጅሙ እግር ሪሴት ላይ። በቱልስ ፕሮግራመሩን «አርዱይኖ አዝ አይኤስፒ» አድርጋችሁ «በርን ቡትሎደር» በሉ። ይህም እምቢ ካለ ዋናው ቺፕ ሄዷል። ኡኖው ባለ 28 እግሩን ረጅም ቺፕ የያዘ ከሆነ ቺፑ ከሶኬቱ ስለሚወጣ ቺፑን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ስታስገቡ ጫፉ ላይ ያለው ጉድጓድ ሶኬቱ ላይ ካለው ጋር ይግጠም።

8. እየሠራ ቆይቶ የሚቋረጥ ከሆነ

ይህ ከሁሉም የሚያናድደው ነው። ቦርዱ ብቻውን ደህና ነው፣ ሮቶው ላይ ሲገጠም ግን ሪሌዩ ጠቅ ሲል ፖርቱ ይጠፋል።

በመጀመሪያ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅላችሁ በባትሪ ብቻ ሞክሩ። መቋረጡ ከቆመ ነገሩ የኧርዝ ነው። ኧርዝ በሌለው ሶኬት ወይም ዲቫይደር ላይ የተሰካ ዴስክቶፕ ሣጥኑን ስትነኩት ጣት ላይ ንዝር ይላል፤ የፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ሣጥኑን የመስመሩ ግማሽ ገደማ፣ ወደ 110 ቮልት፣ ስለሚያደርሱት ነው። የሚፈሰው በጣም ጥቂት ቢሆንም ከቦርዱ የወጣ ሽቦ እርጥብ የብረት ቱቦ ሲነካ መውጫው በዩኤስቢ ቺፑ በኩል ይሆናል። መፍትሔው ኧርዝ ያለው ሶኬት ነው። ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ማለቴ አይደለም፤ ሦስተኛው እግር ከግድግዳው ጀርባ ከምንም ጋር ያልተገናኘባቸው ቤቶች ሞልተዋል፣ ኤሌክትሪሺያን ይለካላችሁ። መብራት ጠፍቶ በሚመለስበት ሰዓትም ቦርዱ ተነቅሎ ቢቆይ ይመረጣል።

በባትሪም ከተቋረጠ የፓምፑን ሶኬት ንቀሉና ሪሌዩ ባዶውን ጠቅ ጠቅ ይበል። አሁንም ፖርቱ ከጠፋ ሪሌዩ ከቦርዱ የሚስበው ኃይል በዝቷል። አንዱ ባለ 5 ቮልት ሪሌይ 70 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል፣ አራት ሲሆኑ ከሌላው ጋር ተደምሮ ዩኤስቢውን ያስጨንቃሉ። በሥራ ላይ እያለ 5 ቮልቱን ለኩ፤ ከ4.75 በታች ሲወርድ ካያችሁ ለሪሌዩ የራሱን 5 ቮልት ቻርጀር ስጡት። ሪሌዩን ያለ ሞጁል በራሳችሁ ገጥማችሁት ከሆነ ደግሞ የሪሌዩ ጥቅል ሽቦ (ኮይል) ላይ በተቃራኒው የተሰካ 1ኤን4007 ዳዮድ መኖሩን እዩ።

ፓምፑ ሲነቀል ችግሩ ከጠፋ የሞተሩ የኤሌክትሪክ ጩኸት ነው። ሞተር ሲነሣና ሲቆም የሚለቀው ምት በአየርም በሽቦም ወደ ዩኤስቢ ገመዱ ይገባል። የዩኤስቢ ገመዱን ከ220 ቮልቱ ሽቦ ጋር አንድ ላይ አትጠቅልሉ፤ አርቃችሁ አሳልፉት፣ መሻገር ግድ ከሆነም በመስቀል ይሻገር። ገመዱን አሳጥሩ፤ ዩኤስቢ 2 የሚፈቅደው 5 ሜትር ነው፣ ርካሽ ገመድ ግን እዚያ አይደርስም። ሮቶው ጣሪያ ላይ ኮምፒውተሩ ምድር ቤት ከሆነ ገመድ መቀጠሉን ተዉት፤ ቦርዱ ላይ ትንሽ ስክሪን ግጠሙለትና በራሱ ይሥራ።

መልሳችሁ ስትገጥሙ በፎቶው መሠረት አንድ በአንድ ሰኩ፣ በየአንዳንዱም መሐል ብሊንክ የተባለውን ምሳሌ እንደገና ጫኑ። መጀመሪያ የውኃውን ከፍታ የሚያነበው የርቀት መለኪያ፣ ከዚያ ስክሪኑ፣ ከዚያ ሪሌዩ ባዶውን፣ ፓምፑ በመጨረሻ።